ኔትወርኩ ለምን ይቆራረጣል? ቴክኒሻን ከመጥራታችን በፊት

ከሀገር ቤት እናት ይደውላሉ፤ ገና «እንዴት ናችሁ ልጆቼ?» ሲሉ ድምፁ ይጠፋል። የቀጠሮ ኢሜይል የሚጠብቅ ሰው ወይም በኢንተርኔት የሚማር ልጅ ባለበት ቤትም ጭንቀቱ ያው ነው። ጨርሶ የጠፋ ኔትወርክስ መጥፋቱ ይታወቃል። የሚያስቸግረው መጣ ሄደ የሚለው ነው፤ ቴክኒሻኑ ሲመጣ ይሠራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲሄድ ይቆረጣል።

ስለዚህ በጁባ ከተማም ሆነ በጎሮም ሰፈር የምንኖር ሁሉ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የሚቆረጠው የት ላይ እንደሆነ ራሳችን እንለይ።

አንደኛ፦ የሚቆረጠው በአንድ ስልክ ነው ወይስ በሁሉም? በአንዱ ብቻ ከሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ መስመሩን አትንኩ።

ሁለተኛ፦ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ሞክሩ። እዚያ ደህና ሠርቶ ጓዳ ስትገቡ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። ቆርቆሮ ዋይፋይን ይከለክላል። ራውተሩን ከቤቱ መሃል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ግን ወደ መስኮት አስጠጉት። በቀትር ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ ሙቀት ሊሆን ስለሚችል አየር የሚያገኝበት ቦታ ፈልጉለት።

ሦስተኛ፦ ሲቆረጥ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው እንደገና ይበራሉ? እንግዲያው ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው። ከጄኔሬተር ወደ ሶላር ሲዛወር ለአንድ ሴኮንድ ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩ ተነስቶ እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይፈጃል። የላላ ሶኬትም ይህንኑ ያደርጋል። በባትሪ ማሠራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብብ። 9 ቮልት የሚለውን በ12 ቮልት ማገናኘት ሊያቃጥለው ይችላል።

አራተኛ፦ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ፋይበር የሚባለው ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ስለሆነ መታጠፍና በር ሥር መጨፍለቅ አይችልም። የፋይበሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ከበራ ምልክቱ አልደረሰውም ማለት ነው፤ ያኔ ቴክኒሻን ጥሩ። ጫፉን ነቅላችሁ ወደ ውስጥ አትመልከቱ፣ ለዓይን ጥሩ አይደለም።

ማታ ማታ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ስንት ጎረቤት እንደሚጋራችሁ ቁጠሩ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው። ጁባ ለብዙ ዘመን በሳተላይት ስትገናኝ ቆይታ፣ ከኡጋንዳ ጠረፍ የተዘረጋው ፋይበር የደረሳት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። መንገዱም ረጅም ነው። በግንቦት 2024 በደቡብ አፍሪካና በሞዛምቢክ መካከል ባሕር ውስጥ ሁለት ኬብሎች ተበጥሰው የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። በጥር 2025 ደግሞ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ፌስቡክና ቲክቶክ በመንግሥት ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት ተዘግተው ነበር። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እየሠራ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ራውተሩን አትፍቱ።

በመጨረሻም ለሦስት ቀን የተቆረጠበትን ሰዓት፣ የመብራቶቹን ቀለም፣ ጄኔሬተር ተነስቶ ወይም ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ኔትወርኩ ቢሠራም ደብተሩን አሳዩት። «ይቆራረጣል» ብቻ ያለ ሰው ራውተር ቀይር ይባላል፤ ሰዓቱን የጻፈ ግን ምን እንደሚጠግንለት ያውቃል።

መልካም ግንኙነት!