ሜዳ የሌለው ሊግ፦ ስለ ሲሙሌሽን ስፖርት የሚባለውና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «ቡድኔ እየተጫወተ ነው» የሚል ሰው ያየ ሁሉ፣ ወይ ቤቲንግ ቆርጧል ወይ ፋንታሲ ላይ ነው ብሎ ያልፋል። ሦስተኛ ነገር ሊሆን ይችላል። በኢንተርኔት በሚካሄድ ሲሙሌሽን ሊግ ውስጥ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ በምድር ላይ የሌለ ክለብ ተረክቦ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሠለጥናል፣ አሰላለፍ ያወጣል። ኳሷን የሚመታት ግን ማንም የለም። ጨዋታውን ኮምፒውተር ያሰላዋል፣ ውጤቱ ይለጠፋል፣ ዋንጫ የሚያነሳም የሚወርድም ይኖራል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግራ ስለሚያጋባ ብዙ ይባልበታል። የሚባለው ሁሉ እውነት የሌለበት ነው ማለት አይቻልም፤ አብዛኛው ግን የሌላ ነገር ኃጢአት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ከእነሱ ጋር የተጻፉት ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ያው ቁማር ነው»

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስክሪን ላይ ስለሚመሳሰሉ የመጣ አባባል ነው። ፋንታሲ የቆመው በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለው የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በነጻ ይገባበታል፤ ተሳታፊው በ100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ 15 ተጫዋች ይሰበስባል፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ አይችልም፣ አጥቂው ማንችስተር ወይም ለንደን ላይ ሲያገባ የእሱ ነጥብ ይጨምራል። ቤቲንግ ቤት ውስጥ የሚታየው «ቨርቹዋል» ኳስ ሌላ ነው። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ውጤቱ በዘፈቀደ ከሚወጣ ቁጥር የሚመጣ ነው፣ ተመልካቹም ገንዘብ ከማስያዝ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም።

የሚከፈለው ብዜት ደግሞ ሁልጊዜ ለቤቱ እንዲያደላ ተደርጎ ነው የሚወጣው። እኩል ዕድል ያላቸው ሁለት ውጤቶች ለእያንዳንዳቸው 1.85 ተሰጥቷቸዋል እንበል። በሁለቱም ላይ 100 ብር፣ 100 ብር ያስያዘ ሰው 200 አውጥቶ 185 ይቀበላል። 15ቱ ብር የትም ሳይሄድ ቤቱ ይቀራል። ዛሬ ባይቀር ነገ ይቀራል፤ የሂሳቡ አሠራር ነው።

ሲሙሌሽን ሊግ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የለም። የሚያዝ ገንዘብ የለም፣ ብዜት የለም፣ የተሸነፈው የሚያጣው ደረጃውን ነው። እርግጥ አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ የሚካሄድ የዕለት ፋንታሲ ትልቅ ንግድ ሆኗል፣ የቤቲንግ ድርጅቶችም የሲሙሌሽንን ቀለም ተውሰዋል። ስለዚህ ልጁ ስልክ ላይ ተተክሎ ያየ ወላጅ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ገንዘብ ተይዟል ወይስ አልተያዘም?

«ሁሉም ዕድል ነው፣ ኮምፒውተሩ እንደፈለገው ያወጣል»

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ጀማሪዎች ሊጉን ጥለው የሚወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነውና።

ከ1997 ጀምሮ ያለውን የስዊድኑን ሲሙሌሽን ሊግ ሃትሪክን እንውሰድ። ከእኛው የስፖርት ጋዜጣ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። በሃትሪክ የሁለቱ ቡድኖች የአማካይ ክፍል ጥንካሬ ተነጻጽሮ ማን ስንት የግብ ዕድል ሊያገኝ እንደሚችል ይወሰናል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕድል በግራ፣ በቀኝ ወይም በመሃል ይመጣል፣ የአጥቂው ወገን ጥንካሬ በዚያ በኩል ካለው መከላከል ጋር ይመዘናል፣ በመጨረሻም ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ግን እኩል ዕጣ አይደለም። ለተሻለው ወገን ብዙ ቁጥር የተሰጠበት ዕጣ ነው።

በእግር ኳስ ደግሞ ጎል ጥቂት ነው። አንዱ ቡድን በአማካይ ሁለት፣ ሌላው አንድ ጎል ያገባሉ ተብሎ ቢሰላ፣ ደካማው ከመቶ ጨዋታ 18 ያህሉን ያሸንፋል፣ 21 ያህሉ በእኩል ይለያያሉ። በዕጥፍ የሚበልጥ ቡድን ይዞ ከመቶ ጨዋታ አርባ ያህሉን አለማሸነፍ ማለት ነው። «ኮምፒውተሩ በላኝ» የሚለው ሰው የሚያማርረው ይህንኑ ነው። ሌላው ቀርቶ እውነተኛው ኳስም እንዲሁ ያደርጋል፤ እዚያ ግን ዳኛ አለ፣ ሳር አለ፣ ዝናብ አለ፣ የሚወቀስ አይጠፋም።

ልዩነቱ የሚታየው በብዛት ውስጥ ነው። በሃትሪክ አንድ ምድብ ስምንት ቡድን አለው፣ የውድድር ዘመኑ 14 ዙር ነው፣ ሁለት ሦስት ዘመን ሲያልፍ ዕድል እየተካካሰ ይሄዳል። በ2018 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲሷ አኔት ሆሶይና ባልደረቦቿ የፋንታሲ ተወዳዳሪዎችን ውጤት ለሁለት ከፍለው ተመለከቱ። በመጀመሪያው አጋማሽ ያሸነፈ ሰው በሁለተኛውም ካሸነፈ ችሎታ አለ፤ ሁለቱ ካልተያያዙ ነገሩ ሳንቲም መወርወር ነው። የመረመሯቸው የፋንታሲ ውድድሮች ከሳንቲሙ ርቀው ወደ ችሎታው አዘንብለው ተገኙ። ጥናቱ የፋንታሲ ነው፣ በሲሙሌሽን ላይ ያለቀ ፍርድ አድርጌ አላቀርበውም። መለኪያው ግን ለማንም ሊግ ይሠራል፦ ያለፉትን ዘመናት ሰንጠረዥ አውጥቶ ከላይ ያሉት ስሞች ይደጋገሙ እንደሆነ ማየት ነው። የቼስ ንጉሡ ማግኑስ ካርልሰን በታኅሣሥ 2019 ከሚሊዮኖች መካከል የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን አንደኛ ሆኖ ሲመራ ብዙዎች ተገረሙ። ከቦርዱ ፊት ቁጭ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላ የኖረ ሰው መሆኑን ግን ማንም አልረሳም።

«የስማርትፎን ዘመን ልጆች ያመጡት ነው»

ከኢንተርኔትም ከግል ኮምፒውተርም በፊት የነበረ ነው። አሜሪካዊው ሃል ሪችማን ገና በልጅነቱ፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ፣ በጊዜው የነበሩት የቤዝቦል ሰሌዳ ጨዋታዎች ውጤት ከልክ በላይ በዘፈቀደ ስለሚወጣበት ተናዶ የራሱን መሥራት ጀመረ። በ1961 ስትራት-ኦ-ማቲክ ብሎ ለገበያ አወጣው። ለእያንዳንዱ እውነተኛ ተጫዋች አንድ ካርድ አለ፣ ሦስት ዳይስ ይጣላል። የመጀመሪያው ዳይስ ከ1 እስከ 3 ካወጣ ውጤቱ ከመቺው ካርድ ይነበባል፣ ከ4 እስከ 6 ካወጣ ከወርዋሪው። ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ሥራ ሆነ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከዚህ የራቁት በፍጥነትና በዝርዝር እንጂ በሐሳብ አይደለም።

ደራሲው ጃክ ኬሩዋክም ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ የፈጠራቸውን ቡድኖች በካርድ ያጫውት፣ የሊጉንም ዜና በእጁ እየጻፈ ያስቀምጥ ነበር። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም አልተወውም። ወረቀቶቹ ዛሬ በኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1981 ደግሞ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ሥራ በማቆማቸው የከዋክብቱ ጨዋታ በተያዘለት ቀን ሳይካሄድ ሲቀር፣ ክሊቭላንድ ባለው ባዶ ስታዲየም ውስጥ በዳይስ ተካሄደ። የኮሮናው ሚያዝያ 2020ም ያንኑ ደገመ። የእንግሊዙ ግራንድ ናሽናል የፈረስ ውድድር ሲሰረዝ በኮምፒውተር የተሰላው ውድድር በቴሌቪዥን ቀረበ፣ ሚሊዮኖችም ተመለከቱት።

«ኳስ የሚያውቅ ያሸንፋል»፣ «መረጃው ውሸት ነው»

ሁለቱ አባባሎች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንድ ሰው ግን ሁለቱንም ሲል ይሰማል። ስለ መረጃው ለመናገር፣ ፉትቦል ማናጀር የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫዋቾች መዝገብ በየአገሩ ባሉ ከሺህ በላይ ታዛቢዎች ይሰበሰባል። ኤቨርተን በ2008 ለተጫዋች ፍለጋ ሊጠቀምበት ስምምነት እስከመፈረም ደርሷል። ቀልድም አለው። ገና ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር ይባል በነበረበት ጊዜ የወጣው የ2001/02 እትም ቶ ማዴይራ የሚባል ፖርቱጋላዊ አጥቂ ነበረው፣ ጎል የማይጠግብ። በየቤቱ ሻምፒዮን ያልሆነበት ሰው አልነበረም። በኋላ ሲጣራ እንዲህ ያለ ተጫዋች የለም፤ መረጃውን የሚልከው ታዛቢ በፈጠራ ያስገባው ነበር።

ስለ እውቀቱ ግን፣ ሊጉ ለረጅም ዘመን ከቆየ የማውቀው ተጫዋች አለ ማለት ዋጋ ያጣል። እውነተኞቹ ጡረታ ይወጣሉ፣ ቦታቸውን ፕሮግራሙ የፈጠራቸው ወጣቶች ይይዛሉ። አሥረኛው ዘመን ላይ ለፍጻሜ የሚደርሱት ተጫዋቾች እናት አባት የላቸውም። የሚያሸንፈው ደመወዝ መቼ እንደሚያብጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን አማካይ ገና ስም እያለው መቼ መሸጥ እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ከታክቲክ አዋቂ ይልቅ መደብ ላይ ያደገ ነጋዴ ይቀናዋል ብዬ አምናለሁ።

«ሊጉን የሚመራው ሰው ያጭበረብራል»

ይህ ሥጋት መሠረት አለው። እንደ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል ባሉ ጨዋታዎች የሚመሠረቱ የግል ሊጎች አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ አሠልጣኞቹ ትእዛዛቸውን በፋይል ይልካሉ፣ ኮሚሽነር የሚባለው ሰው በተወሰነው ቀን ሁሉንም አስገብቶ ጨዋታዎቹን ያስኬዳል፣ አዲሱን ፋይል መልሶ ያሰራጫል። ኮሚሽነሩ ራሱም ብዙ ጊዜ ቡድን አለው። ውጤቱ ካላማረው ፋይሉን ዘግቶ እንደገና ማስኬድ ይችላል፤ ማንም አያየውም።

ይህንን የሚከላከል ቴክኖሎጂ ከመፈለግ ይልቅ ሊጎቹ ያበጁት ልማድ ይበልጣል። የሚኬድበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገራል፣ አንዳንዶች ስክሪኑን በቀጥታ እያሳዩ ያስኬዱታል። ዝውውር የሚያጸድቅ ኮሚቴ ይቆማል፣ ኮሚሽነሩ የራሱን ዝውውር አያጸድቅም። ትልቁ ማጭበርበር ግን ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ሁለት ቡድን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮከቡን በርካሽ ያሻግራል፣ ወይም ሊጉን ሊለቅ የወሰነ ሰው ለጓደኛው ቡድኑን አራግፎለት ይሄዳል። ሃትሪክ ከአንድ በላይ አካውንት መክፈትን ይከለክላል፣ አጠራጣሪ የዝውውር ዋጋዎችን የሚመረምሩ በጎ ፈቃደኞችም አሉት። በገንዘብ የሚገኘው የደጋፊነት ጥቅልም ተጨማሪ ገጽታና መሣሪያ ይሰጣል እንጂ ነጥብ አይገዛም።

«ጥሩ ኮምፒውተርና ፈጣን ኢንተርኔት ይፈልጋል» የሚለውን ባጭሩ እንለፈው፦ አይፈልግም። እንዲያውም የዚህ ጨዋታ ትልቁ ቸርነት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው በኢንተርኔት የቪዲዮ ኳስ ሲጋጠሙ ኔትወርኩ ቢቆረጥ ጨዋታው ይበላሻል። ሲሙሌሽን ሊግ ላይ ትእዛዙ ቀድሞ ተልኳል። መብራት ቢሄድ፣ ዳታ ቢያልቅ ቡድኑ በተሰጠው አሰላለፍ ይጫወታል። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ የተበተኑ ጓደኛሞች በአንድ ሰዓት መንቃት ሳይጠበቅባቸው በአንድ ሊግ ሊቆዩ ይችላሉ። የሰዓት ጣጣ የፋንታሲ ነው። መዝጊያው ከመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ስለሆነ፣ የቅዳሜው ቀዳሚ ጨዋታ በእንግሊዝ 12:30 ሲጀምር እዚህ እስከ 7 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 8 ሰዓት ይሆናል።

«ጊዜ ይበላል፣ ሰው ያርቃል»

ግማሹ እውነት ነው። በየቀኑ የሚኬድ ሊግ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው አይሆንም፤ ሌሊት ተነስቶ የዝውውር ጨረታ የሚጠብቅ ሰው ትዳሩን ቢያስቀይም አይገርምም። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚኬድ ግን ከቡና ሰዓት በላይ አይወስድም። የሃትሪክ አንድ የውድድር ዘመን 16 ሳምንት ይፈጃል። ዝግታው ለአንዳንዱ አሰልቺ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገሩ እሱ ይመስለኛል።

ሰው ያርቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። ፕሮግራሙን ማንም ማውረድ ይችላል፣ ብቻውንም ሊጫወት ይችላል። ሊግ የሚያደርገው ግን ፋይሉን በሰዓቱ የሚልክ፣ ተሸንፎ የሚቀልድ፣ ሦስት ዓመት ሲወርድ ሲወጣ ያልጠፋ ሰው ነው። ሊጎች የሚሞቱት በሶፍትዌር ብልሽት አይደለም። ሁለት አሠልጣኝ ዝም ይላሉ፣ ቡድኖቻቸው ያለ ትእዛዝ ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ በነጻ ነጥብ ይሰለቻሉ፣ ከዚያ ኮሚሽነሩም ይደክመዋል። ስለዚህ መግባት የሚፈልግ ሰው ከሕጉ በፊት ካለፈው ዘመን ስንት አሠልጣኝ እንደቀረ ይጠይቅ። ባለቤቱ የተሰወረበት፣ ደረጃው ግርጌ የሆነ ቡድን ካለም ያንን ይቀበል። ማንም ውጤት አይጠብቅበትም፣ የሚሸጡ ተጫዋቾች ይኖሩታል፣ ኮሚሽነሩም ስለተረከበለት ያመሰግነዋል።