ከዋግ ጋር የሚሽቀዳደም ስሌት

አሰላ ሲነሣ ለብዙ ሰው አስቀድሞ ትዝ የሚለው ሩጫ ነው። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው እዚሁ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂም ከእኛ ብዙ አትርቅም። ዛሬ ግን ለአንባቢዎቻችን የምናወጋው ስለ ሌላ ዓይነት እሽቅድድም ነው። በአንድ ወገን ነፋስ የሚጋልበው የስንዴ ዋግ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ዋጉ ከመድረሱ በፊት ለመድረስ የሚጣጣር የኮምፒዩተር ስሌት አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስ የሚዘራው በሽታ

ዋግ ምን እንደ ሆነ ለአርሲ ገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለከተማው አንባቢ ግን ባጭሩ እንንገር። ዋግ በስንዴ ቅጠልና ግንድ ላይ የሚበቅል ሻጋታ መሰል በሽታ ነው። ያረፈበት ማሳ ቢጫ ወይም የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት ይለብሳል። የዱቄቱ እያንዳንዱ ቅንጣት የበሽታው ዘር ነውና ነፋስ አንሥቶ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወስዶ ይዘራዋል።

በ2010 ቢጫው ዋግ የአገራችንን ስንዴ ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ቢጫውን ዋግ ትቋቋማለች ብሎ «ዲገሉ» የተባለችውን ዘር ወደደ፤ ስሟም ከአርሲው ዲገሉ ጋር አንድ ነው። ዳሩ ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ በአርሲና በባሌ ተነሥቶ ከ10,000 ሄክታር በላይ ማሳ መታ፤ አንዳንዱ ገበሬም ከእርሻው ይህ ነው የሚባል ፍሬ ሳያገኝ ቀረ።

ታዲያ መድኃኒት የለውም ወይ? አለው። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚጠቅመው በጊዜው ሲረጭ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ማስጠንቀቂያ አቋቋሙ፤ ይህም ከ2017 የስንዴ ወራት ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ዋግ ያዩበትን ቦታ ይመዘግባሉ፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ይህን ከነፋሱና ከእርጥበቱ ትንበያ ጋር አዛምዶ ብናኙ በሚቀጥሉት 7 ቀናት ወዴት እንደሚጓዝ ይቀምራል። «ኔም» የተባለው የስሌቱ ፕሮግራም መጀመሪያ የተሠራው ለስንዴ አልነበረም፤ በ1986 የቼርኖቢል የኒውክሌር አደጋ ከደረሰ በኋላ መርዛም አየር ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነበር።

እንግዲህ የ7 ቀን ትንበያ ለማስላት 8 ቀን የሚፈጅ ኮምፒዩተር ቢኖር ምን ይረባል? ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚነግረን ያለፈውን ነው። በዚህ ሥራ መዘግየት ከመሳሳት አይሻልም።

የወዳጄ ኮምፒዩተር

ይህ የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ነገር ነው። በእኛው ሰፈር ግን ተራ ኮምፒዩተር ይዞ ከዚሁ ዋግ ጋር የሚታገል አንድ ወዳጅ አለኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲሆን የሚመረምረው የትኛው የስንዴ ዘር ዋግን እንደሚቋቋም ነው። «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስሌቱን ማታ ይጀምርና ጧት ሲነሣ ገና አላለቀም። ሌሊት መብራት የጠፋ እንደሆነማ ሁሉም እንደ ገና ከሀ ይጀመራል።

«አዲስ ካልገዛሁ መመረቂያዬ ለከርሞ ነው፤ አንተ የሒሳብ መምህር ነህና ምከረኝ» አለኝ። እኔም አዋቂ መስዬ «ፕሮሰሰሩ ፈጣን የሆነውን ግዛ» አልሁት። ከእኅቱ ተበድሮ ገዛ። አዲሱ ኮምፒዩተር ግን ከአሮጌው የተሻለው በጥቂት ብቻ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁለታችንም አፈርን።

በኋላ አስቀድመን ልናደርገው የሚገባንን አደረግን። ስሌቱ እየሄደ ሳለ የኮምፒዩተሩን የሥራ መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍተን ተመለከትን። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዲስኩም ያለ ዕረፍት ይንኳኳል።

ነገሩን በእንጀራ ጋገራ እንመስለው። ፕሮሰሰሩ ጋጋሪዋ ናት፤ ራሙ አጠገቧ ያለው የሊጥ ቡሃቃ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ሩቅ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ቡሃቃው ትንሽ ከሆነ ጋጋሪዋ ምንም ቀልጣፋ ብትሆን ጊዜዋ በመንገድ ያልቃል። በግምት ስንናገር፣ ከራም አንድ ነገር ማምጣት 1 ሰኮንድ ይፈጃል ብንል፣ እየተሽከረከረ ከሚያነበው ከአሮጌው ዓይነት ዲስክ ማምጣት ከ27 ሰዓት በላይ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሚባለው ከአዲሱ ዓይነት ማምጣት ደግሞ 17 ደቂቃ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። «አር» ደግሞ እንደ ልማዱ መረጃውን ሁሉ በራም ላይ ማስቀመጥ ይወዳል። ወዳጄ ለተጨማሪ ራም ያወጣው ገንዘብ ለአዲሱ ኮምፒዩተር ከተበደረው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረውም ስሌት ከእራት በፊት ተጀምሮ ከመኝታ በፊት ማለቅ ጀመረ።

ድር ቢያብር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የአገራችን ሰው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች አራት፣ ስምንት ወይም ከዚያም በላይ አስሊዎችን በአንድ ላይ የያዙ ናቸው። ሻጩም «ባለ ስምንት ነው፤ ስምንት እጅ ይፈጥናል» ይለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

አሜሪካዊው ጂን አምዳል ይህን ያስረዳው በ1967 ነበር፤ ያም የስዊድን መንግሥት የረዳው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በእኛ አውራጃ ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። እኛ መምህራን በየፈተናው የምናየው ጉዳይ ስለ ሆነ በዚያው እናስረዳ። የፈተና ወረቀት ማረም 9 ሰዓት፣ ውጤቱን በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ደግሞ 1 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ መዝገቡ ግን አንድ ስለ ሆነ ከአንድ ሰው በቀር ሊጽፍበት አይችልም። አንድ መምህር ሁሉን በ10 ሰዓት ይጨርሳል። ዘጠኝ መምህራን ቢተባበሩ እርማቱ በ1 ሰዓት፣ መዝገቡ በ1 ሰዓት፣ ጠቅላላው በ2 ሰዓት ያልቃል። ዘጠና መምህራን ቢመጡም ከ1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ በታች አይወርድም። ስለዚህ ብዙ አስሊ ከመግዛት በፊት ከሥራው ምን ያህሉ መከፋፈል እንደሚችል ማወቅ ያሻል።

የዋግ ብናኝ ስሌት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ፕሮግራሙ እልፍ አእላፍ ቅንጣቶችን በየግላቸው ስለሚከታተል ሥራውን ለብዙ አስሊዎች ማከፋፈል ይቻላል።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ጉልበት ለየፕሮግራሙ የሚያድል አዛዥ ነው። በአገራችን የተለመደው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስን ግን በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። በዓለም ላይ በፍጥነት የታወቁት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ስሙን የወሰደው ሰብአዊነት ከሚል የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ሊኑክስ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ያው ፕሮሰሰር ያው ነው። ጥቅሙ ለስሌት የሚሆኑ መሣሪያዎችን በቀላሉ ለመለዋወጥ መፍቀዱ ነው። ለምሳሌ «አር» የቁጥር ሠንጠረዦችን የሚያባዛበት አጋዥ ፕሮግራም አለው። በኡቡንቱ ላይ ይህን አንሥቶ «ኦፕንብላስ» የተባለውን ፈጣን መተካት የአንዲት ትእዛዝ ሥራ ነው፤ በዊንዶውስ ግን ያደክማል። ወዳጄ ኡቡንቱን በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከዊንዶውስ ጎን ተክሎ አጋዡን ለወጠ። የሠንጠረዥ ብዜት የበዛበት ስሌቱ ዛሬ ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፤ ለዚህም ያወጣው ሳንቲም የለም። ደብዳቤውን ግን ዛሬም በዊንዶውስ ይጽፋል። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ብቻ የሚሄድ ሰው ሊኑክስን ቢመርጥ በከንቱ ይደክማል።

ግራፊክስ ካርድስ? ይህ መጀመሪያ ለሥዕልና ለጨዋታ የተሠራ ሲሆን እጅግ ብዙ ትናንሽ አስሊዎች በአንድነት የሚሠሩበት ነው። በ2018 በሆለታ የተሞከረው «ማርፕል» የተባለው ዘዴ ለምሳሌ ያህል ይጠቀስ። የታመመ የስንዴ ቅጠል ይወሰድና በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ የዋጉን የዘር መልእክት ያነባል፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ወራት ይፈጅ የነበረውም የዝርያ ምርመራ በ48 ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚልከውን ምልክት ወደ ፊደል መተርጐም ለግራፊክስ ካርድ የተመቸ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ካርዱን እንዲጠቀም ሆኖ ካልተጻፈ ግን ካርዱ ውድ ጌጥ ነው።

ከመግዛት በፊት

እንግዲህ በቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ሆነ በየዩኒቨርሲቲው በስሌት የሚደክም ወጣት ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። አንደኛ፣ ጊዜው የሚጠፋው በፕሮሰሰር፣ በራም ወይስ በዲስክ እንደ ሆነ በዓይኑ ይመልከት። ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙን አጻጻፍና አጋዦቹን ይፈትሽ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ረጅም ስሌት በየጊዜው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ያድርግ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ዕቃ መግዛት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ወዳጄ የእኅቱን ብድር ገና ከፍሎ አልጨረሰም። እኔም ያን ምክሬን ባስታወስሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ስሌቱ ግን ዘንድሮ ስንዴው ሳይታጨድ ደርሷል።