የአብራም ጋኒባል ትውልድና ጋብቻ በመዛግብት

አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል (1696 ገደማ – 1781) በልጅነቱ ከአፍሪካ ወደ ሩሲያ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ፣ በኋላም የጦር መሐንዲስና ጄኔራል የሆነ ሰው ነበር። ለሩሲያዊው ባለቅኔ ለአሌክሳንደር ፑሽኪን (1799 – 1837) በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ ነው። ፑሽኪን የኢትዮጵያ ደም አለው የሚባለው በአብራም ምክንያት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በባለቅኔው ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። የአብራም የሕይወት ታሪክ የሚታወቀው ከራሱ ማመልከቻ፣ ቤተሰቡ ከጻፈው ታሪክና ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ሦስቱ ግን በብዙ ነገር አይስማሙም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ

በሩሲያ ልማድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። «ፔትሮቪች» ማለት «የጴጥሮስ ልጅ» ቢሆንም ለአብራም ይህ የወላጅ አባቱ ስም አይደለም። በ1705 በቪልኒየስ ከተማ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባቱ ታላቁ ጴጥሮስ ስለ ነበረ ስሙን ከእርሱ ወሰደ። «ጋኒባል» የሚለው ስም ደግሞ የካርታጎውን የጦር መሪ ሐኒባልን የሚያስታውስ ሲሆን፣ የመጣው ቆይቶ ነው። በቀደሙት ወረቀቶች ላይ የሚገኘው «አብራም ፔትሮቭ» ወይም «ጥቁሩ አብራም» እየተባለ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በመዝገብ የሚፈልግ ሰው በጋኒባል ስም ብቻ ቢፈልግ የወጣትነት ዘመኑን አያገኘውም። ወላጆቹ ያወጡለት ስም በእርግጠኝነት አይታወቅም።

የትውልድ ቦታው

የልደት መዝገብ የለውም። ስለ ትውልዱ ራሱ የተናገረበት ዋናው ሰነድ በ1742 የመኳንንት ማዕረግና የቤተሰብ አርማ እንዲሰጠው ለእቴጌ ኤልሳቤጥ ያቀረበው ማመልከቻ ነው። በዚህ ሰነድ ከአፍሪካ መኳንንት ወገን መሆኑንና በአባቱ ግዛት «ላጎን» በምትባል ከተማ መወለዱን ይገልጻል። አገሩን ግን አይጠቅስም። ማመልከቻው ማዕረግ ለመጠየቅ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ስለ ወገኑ ክብር የሚለው በጥንቃቄ የሚነበብ ነው።

አቢሲኒያ የሚለው ቃል የሚገኘው እርሱ ከሞተ በኋላ በጀርመንኛ በተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ነው። ይህን የጻፈው የልጁ ባል አዳም ሮትኪርክ እንደ ሆነ ይታመናል። ፑሽኪን ስለ ቅድመ አያቱ ሲጽፍ የተጠቀመው በዚህ ታሪክ ነው። በዚያው ታሪክ የአብራም እኅት በመርከብ ሲወሰድ ተከትላው እንደ ዋኘች ይነገራል፤ የተሰጣት ስም «ላጋን» ከከተማዋ ስም ጋር ይመሳሰላል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ዋና አስተያየቶች ቀርበዋል፦

• ሩሲያዊው ድሚትሪ አኑቺን በ1899 ከተማዋ ከመረብ ወንዝ ማዶ በሐማሴን፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ የምትገኘው ሎጎ ናት አለ። ይሁን እንጂ አኑቺን የተመራው በዘመኑ በነበረው ዘርን ከዘር የማበላለጥ አስተሳሰብ ጭምር ነው፤ እንደ ፑሽኪን ያለ ሊቅ ከሌሎች ጥቁር ሕዝቦች ይልቅ ከአቢሲኒያ ሰዎች ሊወለድ ይችላል ብሎ ያምን ነበር።
• የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲዩዶኔ ኛማንኩ በ1990ዎቹ ከተማዋ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን፣ የኮቶኮ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ የሆነችው ሎጎኔ ቢርኒ ናት አለ። በስም ረገድ ይህች ከተማ ይበልጥ ትቀርባለች። በአብራም ማኅተም ላይ ያለውን «ፉሞ» የሚል ጽሑፍም በኮቶኮ ቋንቋ ፈትቶታል፤ ሌሎች ግን የላቲን ቃላት ምሕጻር ነው ይላሉ።

ደራሲው ቭላድሚር ናቦኮቭም በ1964 ባሳተመው ጥናት የአቢሲኒያውን ታሪክ ዝርዝሮች በጥርጣሬ ተመልክቷቸዋል።

የመጀመሪያው ጋብቻ

አብራም በ1731 በሩሲያ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ የአንድ ግሪካዊ መርከበኛ ልጅ የሆነችውን ኤውዶኪያ ዲዮፐርን አገባ። በፑሽኪን ጽሑፍ መሠረት ሚስቱ ነጭ ሴት ልጅ ስለ ወለደች አብራም ፈትቷት ገዳም እንድትገባ አደረጋት።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን ከዚህ የረዘመና የከበደ ታሪክ ይዟል። በ1732 አብራም በዝሙትና በመርዝ ሊገድሉኝ በማሤር ብሎ ከሰሳት፤ የጦር ሰፈሩ ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ። ኤውዶኪያ ለዓመታት ታስራለች። በኋላ ለቤተ ክህነት ባቀረበችው አቤቱታ፣ አምናለች የተባለው ቃል በማስፈራራትና በድብደባ የወጣ መሆኑን ገልጻለች። በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ የማይሰማው የእርሷ ድምፅ የሚገኘው በዚህ መዝገብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጋብቻ

ክርክሩ ሳያልቅ፣ ፍቺም ሳይፈጸም፣ አብራም በ1736 በሬቫል (በዛሬዋ ታሊን) ክሪስቲና ሬጊና ሾበርግን አገባ። ከእርሷም ብዙ ልጆች ተወለዱ፤ የፑሽኪን አያት ኦሲፕ (1744 – 1806) አንዱ ነው። ኦሲፕ ሲወለድ የአባቱ የመጀመሪያ ጋብቻ በሕግ አልፈረሰም ነበር። በመሆኑም የልጆቹ ሕጋዊነት የተንጠለጠለው በቤተ ክህነቱ ውሳኔ ላይ ነበር።

ቅዱስ ሲኖዶሱ በ1753 የመጀመሪያው ጋብቻ እንዲፈርስ ወሰነ፤ ኤውዶኪያም ወደ ገዳም ተላከች። አብራም ሳይፋታ በማግባቱ ንስሐና መቀጮ ቢጣልበትም ሁለተኛው ጋብቻ ጸንቶለታል። ክርክሩ በጠቅላላው ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የመዛግብቱ ሚዛን

የአብራም ጋብቻ ከትውልድ ቦታው ይልቅ በግልጽ ይታወቃል። በጋብቻው ጉዳይ ሁለት ባላጋራዎች በየፊናቸው የሰጡት ቃል ተጽፎ ቆይቷል፤ አንዱን በሌላው መመዘን ይቻላል። ስለ ትውልዱ ግን ያለው የራሱ ቃልና ከሞተ በኋላ የተጻፈ የዘመድ ታሪክ ነው። አቢሲኒያ የሚለው ከቤተሰቡ ታሪክ የመጣ ሲሆን አብራም ራሱ በማመልከቻው የተወው አንድ የከተማ ስም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ካሜሩን ሁሉም የፑሽኪን ቅድመ አያት አገር ተብለው ይጠራሉ።