ምስሉን የሚሞግት ዜማ

ወጣት ዳይሬክተሮች ለኤዲቲንግ ሲመጡ ማጀቢያ ሙዚቃውንም አብረው መርጠው ነው የሚመጡት፤ ለሐዘኑ ዋሽንት፣ ለድብድቡ ከበሮ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት «ሱፐር ፍላይ»ን አሳያቸዋለሁ።

ጎርደን ፓርክስ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው የወንጀል ፊልም ነው። ፕሪስት የሚባል የሃርለም ኮኬይን ነጋዴ፣ በአንድ ትልቅ ሽያጭ ገንዘቡን ይዞ ከዚህ ኑሮ ለመውጣት ያቅዳል። ረጅሙ ካፖርት፣ ካዲላኩ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ባለመስቀል የኮኬይን ማንኪያ ሳትቀር ሁሉም ያምራል። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋቾች «ወጣቱ ዕፅ ሻጭን አርአያ ያደርጋል» ብለው ተቃወሙ። ምስሉን ብቻ ካየን እውነት ነበራቸው።

የማጀቢያው ደራሲ ከርቲስ ሜይፊልድም ቀረጻውን ሲያይ የኮኬይን ማስታወቂያ መሰለው። ሥራውን ግን አልተወም፤ በዘፈኖቹ ፊልሙን ሞገተው።

ፍሬዲን እንውሰድ። የፕሪስት ተላላኪ ነው። ፖሊስ ደብድቦ ያናዝዘዋል፤ ሊያመልጥ ሲሮጥ መኪና ይገጨዋል። ፊልሙ ቆም ብሎ አያዝንለትም፣ ወደ ቀጣዩ ጉዳይ ያልፋል። ሜይፊልድ ግን ሁሉም ተጠቅሞበት የጣለውን ይህን ሰው በሙሉ ዘፈን አለቀሰለት። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ቃል አልባው ዜማ ብቻ ነው። ሆኖም ዘፈኑ ከፊልሙ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር፣ ግጥሙን የሰማ ተመልካች ፍሬዲ ገና በሕይወት እያለ መጨረሻውን ያውቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን ፊልሙ መንቀሳቀሱን የሚያቆምበትን ቦታ ነው። ስክሪኑ ይከፋፈልና ፎቶግራፎች ይከታተላሉ፤ ዱቄቱ ይዘጋጃል፣ ይሸጣል፣ ነጩም ጥቁሩም ይገዛል። ሜይፊልድ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ራሱን ሻጩን ሆኖ «ፑሸርማን»ን ይዘፍናል። እንቅስቃሴውን ሙዚቃው ስለተሸከመው፣ ዓይናችን የገዢዎቹን ፊት ለማየት ጊዜ ያገኛል። ወጣቶቹን ዳይሬክተሮች ይህንን ክፍል መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከነድምፁ አሳያቸዋለሁ። ያለ ድምፅ ሲታይ ንግዱ የደራ ይመስላል፤ ከነድምፁ ግን ያ ማባበል ያስፈራል።

አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ፊልሙን ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2022 በብሔራዊ የፊልም መዝገቡ አስገብቶታል። ያለ ሜይፊልድ እዚያ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም፤ ድብድቡ ደካማ ነው፣ አንዳንዱ ንግግርም ይንዛዛል።