ኦ አር ኤስ ላይ ሎሚ እንጨምርበት?

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከእናቶች ደጋግሜ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ሲስተር፣ ልጁ ኦ አር ኤሱን አልጠጣ ብሎኛል፤ ትንሽ ሎሚ ብጨምቅበትስ?» ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ምንም አይጨመርበትም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ፓኬቱን በአግባቡ ለመጠቀም ይረዳልና ዛሬ ስለ እሱ ላጫውታችሁ።

ተቅማጥ የሚወስደው ውሃ ብቻ አይደለም

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ከውሃው ጋር ሶዲየም፣ ፖታሲየም እና ባይካርቦኔት አብረው ይወጣሉ። ባይካርቦኔት በደማችን ውስጥ አሲድን የሚያበርድ ንጥረ ነገር ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። ባይካርቦኔቱ ሲያልቅ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ያን ጊዜ ልጁ ሳይሮጥ እንደሮጠ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ይዝላል። ሳምባው በትንፋሽ አሲዱን ለማቃለል እየታገለ ነው።

የሎሚ አሲድና የፓኬቱ ሲትሬት

በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር ውሃ የሚሆነው ፓኬት 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ይዟል። ግሉኮሱ በአንጀት ግድግዳ ላይ ለሶዲየሙ በር ይከፍትለታል፤ ውሃውም ይከተላል። የአሲዱን ጉዳይ የሚይዘው ሲትሬቱ ነው።

ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ሊለቃቸው የሚችሉ ሦስት ሃይድሮጂኖች አሉት፤ አሲድ ያሰኙትም እነሱ ናቸው። በፓኬቱ ሲትሬት ውስጥ ግን የሦስቱንም ቦታ ሶዲየም ይዞታል። ሰውነት ይህን ሲትሬት ሲያቃጥል ሃይድሮጂን ከደሙ ይወስዳል፤ ከአንድ ሲትሬት ሦስት ባይካርቦኔት ይተርፋል። ተቅማጡ የወሰደው ተተካ ማለት ነው። የሎሚው አሲድ ግን ሃይድሮጂኑን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም፤ ተመጥኖ የተሠራውንም ቀመር ያዛባል።

ባይካርቦኔቱ ራሱ ለምን አይገባም? ድሮ እንዲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወደ ሕንድ የተሰደዱ ሰዎች በኮሌራ ሲረግፉ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ግሉኮስ፣ ጨውና ባይካርቦኔት በውሃ እየተበጠበጠ እንዲጠጡ በማድረግ የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን ባይካርቦኔትና ግሉኮስ በአንድ ፓኬት ሲቀመጡ ሙቀትና እርጥበት ያበላሻቸዋል፤ ዱቄቱም ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ረጅም ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆየው ሲትሬት ቦታውን ያዘ።

ቤት ውስጥ እንዴት እናዘጋጀው?

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሙሉውን ፓኬት በጥብጡ። «ይበርታለት» ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ትልቅ አደጋ አለው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ጥም ያብሳል እንጂ አያረካም፤ የበዛ ጨው ውሃን ከሰውነት ይስባልና። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ በለስላሳ መጠጥ ወይም በወተትም አይበጠበጥም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። አልጠጣ ያለውን ልጅ በማንኪያ በየአንድና ሁለት ደቂቃው ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ጡትም ምግብም አይቋረጥ። የጤና ባለሙያ የሚያዘው የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ይሰጥ።

ፓኬት ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ቅመሱት፤ ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም። ነገር ግን ሲትሬትም ፖታሲየምም የለውም፤ ፓኬቱ እስኪገኝ ብቻ ያገልግል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደነዘዘ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ትንፋሹ ከጠለቀና ከፈጠነ፣ ወይም ተቅማጡ ደም ካለው ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ብዙ ሰው በደፈናው «ጉሉኮስ» ይለዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚመረጠው ግን ሪንገር ላክቴት ነው። ላክቴቱ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ጨው ነው፤ ጉበት ሲጠቀምበት እንደ ሲትሬቱ ባይካርቦኔት ያተርፋል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ልጁ መዋጥ የሚችል ከሆነ የበጠበጣችሁትን ይዛችሁ መንገድ ላይም አጠጡት።