ውሃ በዛፍ ውስጥ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙ ባሕር ዛፍ ያያል። ይህ ዛፍ የመጀመሪያ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ ወደ አገራችን የመጣውም በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ ነበርና ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ቤት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ፈጥኖ ስላደገና ማገዶ ስለ ተገኘ ዋናው ከተማ በስፍራው ቀረ።

ልጆች ሆይ፥ ከእነዚህ ረጃጅም ዛፎች ከአንዱ ሥር ቁማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። በጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ለምለም ነው፤ ውሃው ግን ከምድር በታች በሥሩ ዘንድ ነው። እኛ ውሃ ከወንዝ በእንስራ ቀድተን፥ በጀርባችን አዝለን፥ ደክመን ወደ ቤት እናመጣለን። ለዛፉ ማን ይቀዳለታል?

ምናልባት አንዱ ልጅ፥ «ዛፉ እንደ መምጠጫ ቧንቧ ይመጠዋል» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከጉድጓድ ውሃ የሚመጥ ቧንቧ ከ10 ሜትር በላይ ሊያወጣ አይችልም፤ እንደ አምቦ ባለ ከፍ ያለ አገር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዝግባና ባሕር ዛፍ ግን ከ30 ሜትር በላይ ሊያድጉ ይችላሉ። ሌላውም ልጅ፥ «የአምቦ ውሃ ጠርሙሱ ሲከፈት እየፈላ እንደሚወጣ የዛፉም ውሃ ከታች ይገፋል» ይል ይሆናል። በእርግጥ ሥር ጥቂት ይገፋል፤ ዳሩ ግን ይህ ግፊት ውሃውን እስከ ረጅም ዛፍ ጫፍ ለማድረስ አይበቃም። ዋናው ኃይል የሚስበው ከላይ ነው፤ እርሱም እንዲህ ነው።

የሥሩ ጫፍ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ጭራዎች አሉት፤ እነርሱም ከአፈሩ እርጥበትን ይቀበላሉ። ከዚያም ውሃው በግንዱ እንጨት ውስጥ ወዳሉት እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይገባል፤ እነዚህም ከሥር እስከ ቅጠል ድረስ ተያይዘው ይደርሳሉ። ቅጠሉ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ብዙ አፎች አሉት። ምግቡን የሚሠራው ከአየርና ከውሃ በፀሐይ ብርሃን ነውና አየር ለማስገባት አፎቹን ይከፍታል። በከፈተም ጊዜ ውሃው ተን ሆኖ ይወጣል። ሥር ከሚቀበለው ውሃ ከ100 እጅ ከ95 የሚበልጠው በዚህ መንገድ ወደ አየር ይሄዳል።

እጅ ለእጅ ተያይዘው አቀበት የሚወጡ ልጆችን አስቡ። ፊተኛው ሲራመድ ሁለተኛውን ይስባል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ይስባል። የውሃ ቅንጣቶችም እንዲሁ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይያያዛሉ። ከቅጠሉ አንዱ ቅንጣት በተነነ ጊዜ የሚከተለውን ይስበዋል፤ መሳቡም እስከ ሥር ድረስ ይደርሳል። ይህንንም የአየርላንድ ሊቃውንት ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. አስረዱ። በበጋ አፈሩ እጅግ የደረቀ እንደ ሆነ በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ ሰልፉን ይበጥሰዋል፤ ስለዚህ ዛፉ አፎቹን እየዘጋ ውሃውን ይቈጥባል።

ይህ እውነት መሆኑን ራሳችሁ መርምሩ። ባዶና ደረቅ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ቅጠል ያለበትን ቀጭን ቅርንጫፍ ከዛፉ ሳትቈርጡ ጫፉን ወደ ጠርሙሱ አስገቡ፤ አፉንም በጥጥ ድፈኑና በፀሐይ ተዉት። ጥቂት ቈይታችሁ ብትመለከቱ በጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ታገኛላችሁ። ይህ ውሃ ከሥር የመጣ ነው።

አሁን ሁለት እንቈቅልሾችን እንፍታ። መካከሉ የተቦረቦረ፥ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት አሮጌ ዛፍ ዓመት ከዓመት ይለመልማል። ዙሪያውን ቅርፊቱ ከነልጡ የተላጠ ጤናማ ጥድ ግን ይሞታል። ስለ ምን?

የተቈረጠ ጥድ ጉቶ ብታዩ መካከሉ ቀላ ያለ፥ ዳሩ ነጣ ያለ ነው። ውሃ የሚወጣው በዳር ባለው በአዲሱ እንጨት ነው፤ የመካከሉ አሮጌ እንጨት ውሃ ማመላለስን ትቶ ግንዱን ይደግፋል። ስለዚህ መካከሉ ቢቦረቦርም ዛፉ ውሃ አያጣም። ልጡ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥር ያወርዳል። ልጡ ዙሪያውን ሲላጥ ውሃው በእንጨቱ ውስጥ መውጣቱን አይተውም፤ ቅጠሉም ለብዙ ጊዜ ለምለም ሆኖ ይታያል። የላጠውም ሰው፥ «ምንም አልሆነም» ይላል። በዚህ ጊዜ ግን ሥሩ ከምድር በታች ይራባል። ያከማቸው ስንቅ ባለቀ ጊዜ ሥሩ ይሞታል፤ ውሃ የሚቀበልም ስለሚጠፋ ቅጠሉ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያድነው አይችልም።

የአዋሽ ወንዝ በሚነሣበት በጊንጪ አገር ጭልሞ የሚባል ደን አለ፤ በውስጡም ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ይገኛሉ። አንዱን ትልቅ ጥድ ለማሳደግ የብዙ ሰው ዕድሜ ይፈጃል፤ ልጡን ዙሪያውን ለመላጥ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ይበቃል። እንግዲህ ለማሰሪያ የሚሆን ነገር ስትፈልጉ የቆመውን ዛፍ አትላጡ፤ ከብትም በግንዱ ላይ አስራችሁ ቅርፊቱን አታስፍቁ። ባሕር ዛፍም ብዙ ውሃ የሚስብ ነውና ሰው ከሚቀዳበት ምንጭ አርቃችሁ ትከሉት።

ቅጠል ለሥር ምግብ ይሰድዳል፤ ሥርም ለቅጠል ውሃ ይሰድዳል፤ ሁለቱ ግን ከቶ አይተያዩም። እኛም እንዲሁ ዓይናችን በማያየው በብዙ ሰው ድካም እንኖራለን። ደግሞም ክፉ ሥራ በሠሩበት ቀን ጉዳቱ ባይታይ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ የተላጠውም ጥድ ለጊዜው ለምለም ነበረ።