የጠፋ ሰው በኮከብ ይገኛል? ተረትና እውነታ

ኮከብ ቆጣሪ የሚጠየቀው ስለ ጠባይና ስለ ትዳር ብቻ አይደለም። ልጅ ከቤት ወጥቶ ሲቀር፣ ከብት ሲጠፋ፣ ሌባ ሳይታወቅ ሲያመልጥም መልሱ ከሰማይ ይገኛል የሚል እምነት በብዙ አገር አለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ኮከቡ ከታየ የጠፋው ሰው ያለበት አቅጣጫ፣ መሞት መኖሩም ይታወቃል።

እውነታ፦ ይህ እምነት ብዙ ጉዳት አድርሷል። በአውሮፓ ልማድ ቆጣሪው ጥያቄው የቀረበበትን ሰዓት ይይዝና የዚያን ሰዓት ሰማይ በሥዕል ያስቀምጣል። የእሳት ኮከቦች ምሥራቅን፣ የመሬት ደቡብን፣ የነፋስ ምዕራብን፣ የውኃ ደግሞ ሰሜንን ያመለክታሉ ይባላል። የዚህ ስልት ስመ ጥር ሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ሊሊ በ1647 ባሳተመው መጽሐፍ የተሰረቀበትን ዓሣ በኮከብ እንዳገኘ ተርኳል፤ ሌባው ቴምዝ ወንዝ አጠገብ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ታሪኩ ይጥማል። ሆኖም ወንዝ ዳር ዓሣ ሲሰረቅ ዓሣ አጥማጅን ለመጠርጠር ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ መነሻው ሰዓቱ ሳይሆን ስሙ ነው። አውደ ነገሥት በተባለው የቆጠራ መጽሐፍ ስሌት የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ተቆጥሮ ይደመራል፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ይሰጣል። እዚህ ላይ ፊደሉ ራሱ ያስቸግራል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ሊጻፍ ይችላል። ፊደላቱ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው የጸሐፊው ምርጫ ድምሩን፣ ድምሩም ኮከቡን ሊለውጠው ይችላል። የጠፋችው ፀሐይ ግን በሆሄ ምክንያት ካለችበት አትንቀሳቀስም። ደግሞም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለ12 ኮከብ ቢከፋፈል ለአንዱ በአማካይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይደርሰዋል፤ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ኮከብ ወደ አንድ አቅጣጫ ሊመራው አይችልም።

እምነቱ ፈጽሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከቤታቸው የጠፉ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት ስለሚመለሱ «ይመጣል፣ አይዟችሁ» ያለ ቆጣሪ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። «ውኃ አጠገብ ነው» የሚለውም ወንዝን፣ ጉድጓድን፣ የቧንቧ ማደያን ሁሉ ስለሚያቅፍ ሰውየው የትም ቢገኝ አይሳሳትም። ጭንቅ ላይ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ተረጋግቶ የሚያዳምጥ፣ መጨረሻ ማን እንዳየውና ከማን ጋር እንደተጣላ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ቆጣሪ ይህን ያደርጋል፤ የሚጠቅመውም ጥያቄው እንጂ ስሌቱ አይደለም።

«ቢሞከር ምን ይጎዳል?» የሚሉ ሰዎች ግን የሚከፈለውን ዋጋ አያዩም። ስም እየተቆጠረ የሚያልፈው ሰዓት ለፍለጋ እጅግ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ከዚያ የሚከፋው ጥቆማው ወደ ጎረቤት ሲያመለክት ነው። የኮከብ ቆጠራ ዘመድ የሆነውን ሌባሻይን ማስታወስ ይበቃል፦ አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ ታስሮ ይለቀቅ ነበር፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ማስረጃው የሰከረ ልጅ ብቻ ነበር፤ ልማዱም በ20ኛው መቶ ዘመን ተከለከለ። ሦስተኛው ጉዳት ተስፋ መግደል ነው። በመንፈስ አያለሁ ትል የነበረችው አሜሪካዊቷ ሲልቪያ ብራውን በ2004 በቴሌቪዥን ቀርባ ለአንዲት እናት ልጅሽ ሞታለች አለቻት። እናቲቱ በ2006 አረፈች። ልጅቱ በ2013 ክሊቭላንድ ውስጥ ታግታ ከኖረችበት ቤት በሕይወት ወጣች። የሰው ሐዘን ላይ ቆመው እንዲህ በድፍረት የሚናገሩ ሰዎች ሲሳሳቱ የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ያሳዝናል።

ተረት፦ ፖሊስም በስውር ኮከብ ቆጣሪዎችንና በመንፈስ እናያለን ባዮችን ያማክራል፤ ይጠቅሙታልም።

እውነታ፦ የሚያማክሩ መርማሪዎች አልፎ አልፎ ይኖራሉ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ግን ነገሩን ፈትሾታል፤ በ1979 በታተመው ጥናት 12 በመንፈስ እናያለን ባዮች ስለ 4 ወንጀሎች ተጠይቀው ለምርመራ የሚረባ ነገር አልተገኘም። ኮከብ ቆጣሪዎችም ተፈትነዋል፦ በ1985 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ሙከራ የሰውን የልደት ኮከብ ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች ከአንዱ ጋር እንዲያዛምዱ ሲጠየቁ ያገኙት ውጤት በግምት ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ አልዘለለም።

ተረት፦ 24 ሰዓት ሳይሞላ ለፖሊስ ማመልከት አይቻልም።

እውነታ፦ ይህ የፊልም ወግ ነው። በአሜሪካ በ1990 የወጣ ሕግ ልጅ ሲጠፋ ፖሊስ እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ጊዜ እንዳያደርግ ይከለክላል። ምክንያቱም አለ፦ በዋሽንግተን ግዛት በተደረገ ጥናት፣ ታግተው ከተገደሉ ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ነው።

ተረት፦ የሰማይ አካላት ወንጀልን ገልጠው አያውቁም።

እውነታ፦ ገልጠዋል፤ ግን በሥነ ፈለክ ስሌት ነው። በ1858 ጠበቃው አብርሃም ሊንከን፣ በጨረቃ ብርሃን ግድያውን አየሁ ያለውን ምስክር በዓመታዊ የቀን መቁጠሪያ ረታው። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ለመጥለቅ ተቃርባ ነበር።

ተረት፦ ሳይንስ መልስ ያጣለትን ምሥጢር ኮከብ ይፈታዋል።

እውነታ፦ በመጋቢት 2014 ኤም ኤች 370 አውሮፕላን 239 ሰዎችን ይዞ ሲሰወር፣ ኳላ ላምፑር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ኮኮናትና የቀርከሃ መነጽር ይዞ የመጣ ባለ ጥንቆላ ነበር። መሐንዲሶች በበኩላቸው በሳተላይት በኩል የተላለፉ አጫጭር ምልክቶችን መዝነው ፍለጋውን ወደ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ አጠበቡት። በሐምሌ 2015 የክንፉ ቁራጭ ሬዩንዮን ደሴት ላይ ተገኘ። 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የባሕር ወለል ከተፈተሸ በኋላ ፍለጋው በጥር 2017 ሲቆም፣ አውሮፕላኑን ያገኘው አልነበረም፤ ቦታውን ጠቁሞ ያስገኘው ቆጣሪም አልነበረም።